ስለ ድምፅ ሳጥንና ስለ ጋቢና

(በተማሪዎች ኅብረት የቅዳሜ ስብሰባ ላይ በወላይታ ሶዶ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ የሣቁ እንዳሉ ሰምቻለሁ። «ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ኑሮ ውድነት የሚነገር ሞልቶ ሳለ፣ ስለ ፒክአፕ ሙዚቃ ማውራት ምን የሚሉት ነው?» ያለም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ወደ መጨረሻው አቆየዋለሁ፤ ነገሩ ራሱ ቢመልሰው ይሻላልና።

እንደምታውቁት ሶዶ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ሳውላና ወደ ዳውሮ የሚሄደው ሁሉ በእርሷ በኩል ያልፋል። ይህን መንገድ የሚያመላልስ ሾፌር ነቅቶ ከሚያሳልፈው ሰዓት የሚበዛውን የሚያሳልፈው በጋቢናው ውስጥ ነው። ጋቢናው ቤቱም፣ ሱቁም፣ የዘፈን አዳራሹም ነው። በመስከረም የጊፋታ በዓል ሲቃረብ ደግሞ ከበሮው ጠንከር ያለ ዘፈን ከየመኪናው ይሰማል፤ ሾፌሩም ያ ከበሮ ደረቱን እንዲመታው ይፈልጋል። ይህ ፍላጎት የሚያስነቅፍ አይደለም።

የሚያሳዝነው በዚህ ፍላጎት ላይ የሚባክነው ገንዘብ ነው። አንድ የማውቀው ሾፌር ብዙ ወራት አጠራቅሞ ለዝቅተኛ ድምፅ የሚሆን ትልቅ እስፒከር፣ ማለት ሰብዉፈር፣ ገዛ። ሳጥኑን የባልንጀራውን መኪና አይቶ በዚያው ልክ አሠራ። ድምፁ ከበሮ መሆኑ ቀርቶ ጉምጉምታ ሆነበት። «ኀይል አንሶት ነው» ተባለና የበለጠ ኀይል ያለው አምፕሊፋየር ጨመረ፤ በሁለተኛው ሳምንት የእስፒከሩ ጥቅል ሽቦ ተቃጠለ። እስፒከሩ ደኅና ነበር፤ አምፕሊፋየሩም ደኅና ነበር። ያልተለካው ሳጥኑ ነበር።

እንግዲህ ሳጥኑ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ሳጥን የእስፒከር መያዣ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን የእስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ያጨናንቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለውን አየር ያሳሳል። ሁለቱ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። ለቀጭን ድምፅ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ሞገዱ አጭር ስለ ሆነ። የ40 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ ግን ወደ 8 ሜትር ተኩል የሚጠጋ ርዝመት አለው። እንዲህ ያለ ሞገድ በእስፒከሩ ጠርዝ ዞሮ የፊተኛውን ያጠፋዋል። ስለዚህ የሳጥኑ የመጀመሪያ ሥራ የፊቱንና የኋላውን አየር መለየት ነው።

ሁለተኛው ሥራ የበለጠ የረቀቀ ነው። በሳጥኑ ውስጥ የታሰረው አየር እንደ ሞላ ይሠራል። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይገፋዋል፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ይስበዋል። ሳጥኑ ባነሰ ቁጥር ሞላው ይጠነክራል። የዛሬው ዓይነት እስፒከር መሠረት በእ.ኤ.አ. 1925 በራይስና በኬሎግ ሥራ ሲጣል፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ጥሩ ዝቅተኛ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ቁም ሣጥን የሚያህል ሳጥን ይሠራ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1954 ኤድጋር ቪልቸር የተባለው አሜሪካዊ አሳቡን ገለበጠው፤ የእስፒከሩን የራሱን መወጠሪያ አላልቶ፣ የሞላውን ሥራ ለታሰረው አየር ሰጠው። በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ዝግ ሳጥን ጥልቅ ድምፅ ሊያወጣ የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። በጋቢና ውስጥ ሰብዉፈር ማስቀመጥ የተቻለውም በዚሁ ብልሃት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው ዓይነት ሳጥን ቀዳዳና ቧንቧ ያለው ነው። ይህን ለማስረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ብርሌ ይበቃል። የባዶ ብርሌ አፍ ላይ እፍ ስትሉ ድምፅ ያወጣል። በአንገቱ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሆዱ ያለው አየር እንደ ሞላ ሆነው ይወዛወዛሉ። ጥቂት ውኃ ብትጨምሩበት ሆዱ ስለሚጠብ ድምፁ ይቀጥናል። ጀርመናዊው ሄልምሆልትስ በእ.ኤ.አ. 1863 ባሳተመው መጽሐፍ የመረመረው ይህንኑ ነው። ቧንቧ ያለው ሳጥን እንግዲህ አንድ ትልቅ ብርሌ ነው፤ እስፒከሩ ከውስጥ እፍ ይለዋል። የዚህን ሳጥን ስሌት በእ.ኤ.አ. 1961 አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በሥርዓት አስቀመጠው፤ በሰባዎቹ ዓመታት ደግሞ ሪቻርድ ስሞል አስፋፋው። ዛሬ ከእስፒከር ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ የሚታተሙት ቁጥሮች በሁለቱ ሰዎች ስም የሚጠሩት ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንግባ። ቶዮታ ሂሉክስን የመሰሉ ፒክአፖች በሦስት ዓይነት ጋቢና ይመረታሉ፤ ነጠላ ጋቢና፣ ደብል ጋቢና፣ በሁለቱም መካከል ያለ፣ ከፊት ወንበር ኋላ ጠባብ ክፍል ያለው። ስለ ድምፅ ሳጥን ስንነጋገር አስቸጋሪውም ጣፋጩም ይህ ሦስተኛው ነው። ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ስስ ነው። የወንበሩ ጀርባ ስለሚያዘነብል የተረፈው ቦታ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ነው። ሳጥኑም ይህንኑ ቅርጽ መከተል አለበት።

ስለ ቧንቧው ሳጥን በመጀመሪያ አንድ ስሌት ላቅርብ። 20 ሊትር የሚይዝ ሳጥን በ35 ኸርዝ እንዲዘፍን ብንፈልግ፣ ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ቧንቧ ብናስገባ፣ የቧንቧው ርዝመት ወደ 48 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የሳጥኑ የውስጥ ወርድ 56 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ቧንቧው ከዳር እስከ ዳር ተጋድሞ ሊተነፍስ አይችልም። ቧንቧውን ቢያቀጥኑት ርዝመቱ ያጥራል፤ ነገር ግን አየሩ በጠባብ ቦታ እየተፋጨ ፉጨት ያሰማል። ከዚህም በላይ ቧንቧ ያለው ሳጥን ከተቃኘበት ድምፅ በታች ወረቀቱን የሚይዝለት ሞላ ያጣል፤ ጥልቅ ድምፅ ሲመጣ እስፒከሩ ከልኩ ያልፋል። ስለዚህ ለዚህ ጋቢና ዝጉን ሳጥን እመርጣለሁ።

ዝጉን ሳጥን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ጋቢናው ራሱ ነው። ከፊት መስታወት እስከ ኋላ ግድግዳ 2 ሜትር ያህል ብንል፣ ከ85 ኸርዝ በታች የሆነ ድምፅ ግማሽ ሞገዱ እንኳ በጋቢናው ውስጥ አይበቃውም። እንግዲያው ድምፁ እንደ ሞገድ መጓዙ ይቀርና የጋቢናውን አየር በሞላው ያጨናንቃል፣ ያሳሳል። በዚህ ምክንያት ድምፁ ዝቅ ባለ ቁጥር ጋቢናው ያግዘዋል። ዝግ ሳጥን በበኩሉ ዝቅተኛውን ድምፅ ቀስ እያለ ይቀንሳል። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል፤ ሁለቱ ተደጋግፈው መልካም ውጤት ይሰጣሉ። በእርግጥ ጋቢና ፍጹም የታሸገ ስላልሆነ እርዳታው በስሌት እንደሚታየው ሙሉ አይሆንም። ሾፌሩ ወደ አባያ ቆላ ሲወርድ ሞቆት መስኮቱን ቢከፍት ከበሮው ወዲያው የሚሳሳውም ለዚህ ነው። እስፒከሩ ተበላሸ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ መስኮቱን መዝጋት ነው።

እስካሁን የተናገርሁት በየትኛውም አገር እውነት ነው። አሁን ግን የእኛን አገር ብቻ የሚመለከት ነገር ልናገር።

በእስፒከሩ ወረቀት ላይ የታተሙት ቁጥሮች በባሕር ጠረፍ አየር የተሰሉ ናቸው። ባሕር ዳር ማለቴ አይደለም፤ እርሷም እንደኛው ደጋ ላይ ናት። ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ በግምት 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየራችን ግፊት በጠረፍ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የሳጥኑ ሞላ ደግሞ አየር ነው። ስለዚህ በሶዶ የማንኛውም ሳጥን ሞላ አንድ አምስተኛ ያህል የላላ ነው ማለት ነው።

ይህ በተግባር ምን ያመጣል? ለምሳሌ ያህል ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ እስፒከር እናስብ። ሳጥን ሳይገባ በራሱ 30 ኸርዝ ላይ ይወዛወዛል እንበል፤ የውዝዋዜው መለኪያ ቁጥር 0.5 ይሁን፤ የእስፒከሩ መወጠሪያ ልስላሴም ከ40 ሊትር የጠረፍ አየር ጋር እኩል ነው ተብሎ ተጽፏል። ይህን እስፒከር በጠረፍ በ25 ሊትር ሳጥን ብናስገባው ውዝዋዜው ወደ 48 ኸርዝ ከፍ ይላል፤ መለኪያ ቁጥሩም 0.8 ይሆናል። 0.7 ልዝብ ነው፤ ከ1 በላይ ከሄደ የሾፌሩ ጉምጉምታ ይመጣል፤ 0.8 እንግዲህ ደኅና ነው። በሶዶ አየር ግን ያ 40 ሊትር 32 ይሆናል። ስለዚህ ያንኑ 48 ኸርዝና ያንኑ 0.8 የምናገኘው በ20 ሊትር ሳጥን ነው። ከፍታችን 5 ሊትር መረቀልን ማለት ነው። በአዳራሽ ውስጥ 5 ሊትር ከቁጥር አይገባም፤ ከወንበር ኋላ ግን ሳጥኑ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ይወስናል።

ይህ ሳጥን ወደ አርባ ምንጭ ቢወርድ ውዝዋዜው በ1 ኸርዝ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ ጆሮ አይለየውም። እስከ ጅቡቲ ጠረፍ ቢወርድ ወደ 52 ኸርዝ ይደርሳል። የቧንቧ ሳጥን ቅኝት ግን በከፍታ አይለወጥም፤ በቧንቧው ያለው ክብደትና በሆዱ ያለው ሞላ አብረው ስለሚቀንሱ። ከፍታ የሚወስድብንም አለ፤ አየሩ ስስ ስለ ሆነ በዚያው እንቅስቃሴ የሚገኘው ድምፅ ወደ 2 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይላል። ይህን ለማካካስ ኀይል እያበዙ ሽቦ ማቃጠል ብልኅነት አይደለም።

አሁን ሳጥኑን በቁጥር እንሥራው። የውጭ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 40፣ ጥልቀቱ ከታች 20፣ ከላይ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አማካዩ ጥልቀት 15 ነውና ከውጭ ሲታይ 36 ሊትር ነው። አናጢውም ደንበኛውም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጣውላው 1.8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው በየአቅጣጫው 3.6 ሴንቲ ሜትር ይበላል። የውስጡ ወርድ 56.4፣ ቁመቱ 36.4፣ አማካዩ ጥልቀት 11.4 ይሆናል፤ ሲባዛ 23 ሊትር ከግማሽ ያህል ነው። ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሆነውን ጣውላው ወሰደው። ከዚህ ላይ እስፒከሩ ራሱ የሚይዘው 2 ሊትር ያህል፣ የውስጥ ማጠናከሪያው እንጨት ደግሞ ከ1 ሊትር በላይ ሲቀነስ የምንፈልገው 20 ሊትር ይቀራል።

ማባዛት የማይወድ አናጢ ቢኖር ሌላ መንገድ አለ። ሳጥኑ ሳይከደን ደረቅ በቆሎ ወይም ስንዴ በ1 ሊትር መስፈሪያ እየሰፈረ ይሙላበት። ሳጥኑ የቱንም ያህል ጠማማ ቢሆን እህል ጥጉን ሁሉ ያውቀዋል። ሲጨርስ እህሉ ወደ ጆንያው ይመለሳል፤ የቀረው ቁጥር ነው።

ስለ ጣውላው፤ ኤምዲኤፍ ወይም ወፍራም ኮምፔንሳቶ ይሁን። የሚርገበገብ ስስ ጣውላ የእስፒከሩን ኀይል ራሱ ይበላዋል። መጋጠሚያው በኮላና በብሎን ይያዝ፤ ጥጉ ሁሉ በሲሊኮን ይደፈን፤ ዝግ ሳጥን የሚያፈስ ከሆነ ዝግ አይደለምና። ቦታው ስስ ስለ ሆነ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ እስፒከር ይመረጥ፤ ማግኔቱ ወደ ሰፊው ወደ ታችኛው በኩል ይሁን። በወረቀቱና በወንበሩ ጀርባ መካከል 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ካልቀረ ወረቀቱ ከወንበሩ ጋር ይጋጫል።

የእስፒከሩ ወረቀት ቢጠፋስ? በገበያችን ያለ ወረቀት የሚሸጥ አሮጌ እስፒከር ብዙ ነው። ከስልክ ላይ አንድ ወጥ ድምፅ በትንሽ አምፕሊፋየር አሳልፎ፣ መካከል ላይ አንድ ሬዚስተር አስገብቶ፣ በእስፒከሩ ጫፎች ላይ ያለውን ቮልት በቴስተር መመልከት ነው። ድምፁን ከ15 ኸርዝ ጀምሮ ቀስ እያሉ ከፍ ሲያደርጉ ቮልቱ ይወጣል፤ ከዚያ ይወርዳል። ጫፍ የደረሰበት ቁጥር የእስፒከሩ የራሱ ውዝዋዜ ነው፤ የጉብታው ስፋትም ያንን 0.5 ያልነውን ዓይነት ቁጥር ያስገኛል። ቀጥሎ እስፒከሩን ልኩ በታወቀ ሳጥን ላይ አስሮ መድገም ነው። በ20 ሊትር ሳጥን ላይ 30ው ወደ 48 ከወጣ፣ 48ን ለ30 አካፍሎ፣ ውጤቱን በራሱ አባዝቶ፣ 1 ቀንሶ፣ በ20 ቢያባዙት ወደ 31 ሊትር ገደማ ይመጣል።

ልብ በሉ፤ ከላይ በሒሳብ ያስተካከልነው ቁጥር አሁን ያለ ማስተካከያ ከሞላ ጎደል መጣ። የለካነው በሶዶ ስለ ሆነ የሶዶን አየር ሰጠን። ከሩቅ የመጣ ቁጥር መታረም ይፈልጋል፤ እዚሁ የተለካ ቁጥር ግን አገሩን ያውቃል።

ከመጨረሴ በፊት ከሙዚቃው የሚበልጡ ሦስት ነገሮችን ላሳስብ።

አንደኛ፣ ይህ ሳጥን ከነእስፒከሩ ወደ 15 ኪሎ ይመዝናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በአንድ ሰከንድ አሥረኛ ቢቆም፣ ሳጥኑ ከ2 ኩንታል በሚበልጥ ኀይል ወደ ሾፌሩ ጀርባና አንገት ይወረወራል። ስለዚህ በብረትና በወፍራም ብሎን ከመኪናው አካል ጋር ይታሰር። ከመብሳት በፊት ግን ከወለሉ በታች የነዳጅ ጋን፣ የፍሬን ቱቦና ሽቦ አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። የወንበር ቀበቶ የታሰረበት ቦታ አይነካም፤ ክሪክ የሚቀመጥበትም አይዘጋም። ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ተነቅሎ ሳጥን ከተተከለ ደግሞ፣ በዚያ ወገን ሰው ማሳፈር ፈጽሞ ይቅር።

ሁለተኛ፣ 300 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ከባትሪው 30 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል። ሽቦው ወፍራም ይሁን፤ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን እንጂ ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ብቻ አይሁን። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው በብረት ተልጦ ቢነካካ፣ ፊውዝ የሌለው ክፍል እሳት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ጆሮ መለዋወጫ የለውም። የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ያወጣው ልክ ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ94 ዴሲቤል የቀረው 1 ሰዓት ብቻ ነው። እኛ አንድ ዘፈን ሰምተን እንወርዳለን፤ ሾፌሩ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። የአምቡላንስ ጩኸትና ከኋላ የሚመጣ የሲኖትራክ ጥሩንባ የማይሰማ ጋቢና ደግሞ ለሌላውም መንገደኛ አደጋ ነው። በደንብ የተለካ ሳጥን ጥቅሙ እዚህ ላይም ይታያል፤ ጥርት ያለ ከበሮ ለመስማት ብዙ ማስጮህ አያስፈልግምና።

አሁን ወደ ሣቁት ወዳጆቼ ልመለስ። ይህ ቅንጦት ነው ለሚለኝ፣ ቅንጦት ሊሆን ይችላል እላለሁ። የሾፌሩ ብር ግን እውነተኛ ብር ነው፤ የተቃጠለው ሽቦም እውነተኛ ሽቦ ነው። የአየር ግፊትን፣ የሞገድን ርዝመት፣ የሞላን ሕግ ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረናል፤ ተፈትነንበታል፤ አልፈንበታልም። ሆኖም ከግቢያችን በር ወጣ ብሎ ያለው አናጢ ሳጥን የሚሠራው በግምት ነው። እጁ ከእኛ እጅ ይበልጣል፤ እኛ ጣውላ ቀጥ አድርገን መቁረጥ አንችልም። እርሱ የጎደለው በደብተራችን ተዘግቶ የተቀመጠ አንድ ገጽ ሒሳብ ነው። ያንን ገጽ ካላካፈልነው የተማርነው ለማን ነው?

ስለዚህ ለኅብረቱ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከጊፋታ በፊት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መምህራኖቻችን ቢፈቅዱልን፣ አናጢዎቹን፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞቹንና ሾፌሮቹን ወደ ላቦራቶሪያችን እንጥራ። እስፒከሮቻቸውን ይዘው ይምጡ፤ አብረን እንለካ። ውጤቱን በአማርኛና በወላይትኛ በአንዲት ገጽ አትመን እንስጣቸው። እኛም ከእነርሱ ጣውላ ማጋጠም እንማር። የሚያስፈልገን ቴስተር፣ ሬዚስተር፣ ልኩ የታወቀ አንድ ሳጥንና ግማሽ ጆንያ በቆሎ ነው። በቆሎውን እኔ አመጣለሁ።